በእናቴ መቀነት የተቋጠረው መድኃኒት

ይህን የምጽፈው ወገቡን ለሚያመው ሰው ነው። ሱስ ያለበት ሰው ስለ ሱስ የተጻፈ አያነብም፤ እኔም አላነብም ነበር። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስለ ሱስ የተለጠፈውን ወረቀት ሳይ፣ አረቄ ቤት የሚያመሹትንና ጫት ይዘው የሚውሉትን የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። እኔ አረቄ አልቀምስም፤ ጫት አልቅምም። እኔ የምወስደው መድኃኒት ነበር፤ ያውም ሐኪም ያዘዘልኝን።

ሥራዬ ሞተር ጥገና ነው። ማንም አላስተማረኝም። ጉንደ ወይን አካባቢ ከእናቴ ጋር ስኖር አንድ የተጣለ የውሃ መሳቢያ ሞተር አግኝቼ ፈታሁት፤ ገጠምሁት፤ አልነሣ ሲለኝ እንደገና ፈታሁት። ክፍሎቹን በፈታሁበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ። አንዲት ብሎን ከተረፈችኝ ሁሉንም መልሼ እፈታለሁ እንጂ «ምንም አትል» ብዬ አላልፍም። ደብረ ማርቆስ መጥቼ ሱቅ ከያዝሁ በኋላም የምታወቀው በዚህና በዝምታዬ ነው። ደንበኞቼ «አንሙት ከሞተር ጋር እንጂ ከሰው ጋር አያወራም» ይላሉ።

የወፍጮ ቤት ሞተር ከመሠረቱ ለማንሣት ከሌሎች ጋር ስታገል ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ቀና ማለት አቃተኝ። ሐኪም ቤት ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ አጥንቴ ደህና ነው ተባለ። እንዳርፍ፣ ከባድ እንዳላነሣ፣ ሕመሙ ሲበረታብኝ ደግሞ እንድወስደው ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ካፕሱሏ ግማሿ አረንጓዴ፣ ግማሿ ቢጫ ናት። የታዘዘልኝ ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ካዘዘልኝ ሐኪም ላይ አልጥልም።

የመጀመሪያዋን ስውጥ ሕመሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሕመሙ እዚያው ነበር፤ ግን የሌላ ሰው ሕመም ሆነ። ደረቴ ሞቀኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ ማውራት ቻልሁ። አንድ ገበሬ የፓምፕ ማጣሪያ ይዞ መጥቶ፣ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ በሬው ቀልድ ነግሬው ስቆ ሄደ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ «ለካ ሰው ሁሉ የሚኖረው እንዲህ ነው» አልሁ። ወገቤ በሁለት ወር ውስጥ ተሽሎት ነበር። እኔ ግን መድኃኒቱን የምወስደው ለወገቤ አልነበረምና አላቆምሁም።

ሰውነት መድኃኒት ይለምዳል። ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። መድኃኒት ቤቱ «ይኼ ያለ ማዘዣ አይሸጥም» ብሎ ሲመልሰኝ ከመናኸሪያው ጀርባ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። እሱ ማዘዣም አይጠይቅ፣ ወገቤንም አይጠይቅ። እኔም በልቤ «ለሥራዬ ነው» እል ነበር። ሳልወስድ የዋልሁ ቀን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የሞተር ቫልቭ ክፍተት መለካት አልችልም። ስወስድ ይጸናል። እጄን የሚያጸናልኝ ነገር እጄን የሚያንቀጠቅጥብኝ ያው ነገር መሆኑ አልታየኝም።

ምልክቶቹን በዝርዝር ልጻፍ፤ ምክንያቱም እኔ አንዱንም ከካፕሱሏ ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ሆዴ ደረቀ፤ ሽንት ቤት ተቀምጬ እንባዬ ይመጣል። ፊቴንና ደረቴን ያሳክከኛል። በብርድ ያልበኛል። ምግብ ሲቀርብልኝ ያቅለሸልሸኛል። እንቅልፍ ሲወስደኝ እግሬ በድንገት ይወራጭና ያነቃኛል፤ ከዚያ እስኪነጋ የልቤን ምት እየሰማሁ «ዛሬ ይቆማል፣ አሁን ይቆማል» እያልሁ እተኛለሁ። ቀን ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኝ ጀመር። ሁለት ሰዎች ሱቄ ፊት ቆመው ከሳቁ መፍቻ ይዤ እወጣለሁ። ያ ያገኘሁት ወሬና ቀልድም ትቶኝ ሄደ። ከበፊቱ የባሰ ዝምተኛ፣ ግን ቁጡ ዝምተኛ ሆንሁ።

ክሊኒክ ሄድሁ። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ «ገና ሳትገባ ልንገርህ፤ ታይፎይድ ነው» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ በእግሬ ቁስል መጥቼ ታይፎይድ ነው የተባልሁ።»

ደሜ ተቀድቶ ታይፎይድ ተባለ። መርፌውን ጨረስሁ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ ጨጓራ አለኝ። እሱንም ወሰድሁ። ሁለቱም ቦታ «ምን ይሰማሃል?» ብለው ጠየቁኝ እንጂ «ምን ትወስዳለህ?» ያለኝ አልነበረም። ቢሉኝ እውነቱን እነግራቸው ነበር ብዬ ግን አልምልም።

ከዚያ የእናቴ ማኅበር ደረሰ። የማርያም ማኅበር ተራዋ ስለሆነ ከደብረ ማርቆስ ሄድሁ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። የንስሐ አባታችን ቄስ ምናለ ዳቦውን ባርከው ሲጨርሱ ጠላ ልቀዳ ተነሣሁ። እንስራውን አቅፌ ከመደቡ ዘንበል ስል አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ተሰማኝ። ይኸው ነው የማስታውሰው።

ስነቃ መሬት ላይ ነኝ፤ ልብሴ በጠላ ርሷል፤ የእንስራው ስባሪ ክንዴን ቀዶኛል። ምላሴን ነክሼዋለሁ። አፍንጫዬ ሥር የክብሪት ጭስ አለ፤ ለሚጥል በሽታ ይበጃል ተብሎ ጭረው አሽትተውኛል። የማየው እግር ብቻ ነበር። ከእግሮቹ በላይ ድምፅ እሰማለሁ።

«የሚጥል በሽታ ነው።»

«ኧረ በዘራቸው የለም! ቡዳ በልቶታል እንጂ፤ ከተማ የበላው ሰው አለ።»

«ዘወር በሉ፣ አየር ያግኝ» አሉ ቄስ ምናለ።

እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ የክንዴን ደም በነጠላዋ ትጠርጋለች። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ብቻ በሩ ላይ ቆሞ ሳያፍር ያለቅሳል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እርሻውን ብቻውን የሚያርስ ሰው ነው፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ወደ ጠበል ወሰዱኝ፤ ከደብረ ወርቅ መንገድ በእግር ወጣ ብሎ የሚገኝ ነው። ካፕሱሎቼን የኮቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼ ይዣቸው ነበር። እስኪያልቁ ድረስ «በጠበሉ ተሽሎታል» ተባለልኝ። ሲያልቁ ግን የሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ማዛጋት መጣ፤ መንጋጋዬ እስኪያመኝ። ከዚያ ዓይኔም አፍንጫዬም ፈሰሰ። ቆዳዬ እንደ ተነጨ ዶሮ ሆነ። ተቅማጥ ያዘኝ። ከቆዳዬ ሥር ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉም የከፋው ፍርሃቱ ነው። ምን እንደሚያስፈራኝ አላውቅም፤ ግን ዛፉም፣ ድንጋዩም፣ የእናቴ ነጠላም ያስፈራኝ ነበር።

ጠዋት በዚያ ብርድ ውሃው ሲወርድብኝ ጮኽሁ። አጥማቂው አባት፣ ሽበታም መነኩሴ፣ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው እንደ ልማዱ መንፈሱን መጠየቅ ጀመሩ።

«ማን ነህ? ስምህን ተናገር!»

ጥርሴ ይንገጫገጫል። አእምሮዬ ውስጥ ከአንድ ስም በቀር ሌላ ስም አልነበረም።

«ትራማዶል!» አልሁ።

መነኩሴው መስቀሉን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«በየት በኩል ገባህ?»

«በወገቡ።»

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ልገድለው።»

«ትለቃለህ አትለቅም?»

«አለቅም!»

ከኋላ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ትራማዶል? ይህ ደግሞ የየት አገር ሰይጣን ነው?» ስትል ሰማሁ። «የፈረንጅ ይሆናል፤ ከተማ ነው የሚኖር» አለቻት። ሁሉንም የመለስሁት እኔ ነበርሁ። አንዱም ውሸት አልነበረም። ለሐኪም ያልነገርሁትን እዚያ ተናገርሁት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደገና ወደቅሁ። መነኩሴው እናቴን ጠርተው «ጠበሉ የትም አይሄድ፤ ይቆይሻል። አሁን ልጁን ሐኪም ቤት አድርሺው» አሏት። እሷም ስሙን እንዳትረሳው መንገዱን ሁሉ፣ ሚኒባሱ ውስጥ እንኳ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለው ነበር። ሰው ቢያያት የምትጸልይ ይመስለዋል።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ደርሰን ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ላኩን። በሩ ፊት ለፊት ረጅም አግዳሚ አለ። እዚያ አግዳሚ ላይ መቀመጥ የመውደቅን ያህል ከበደኝ። ነጠላዬን ተከናነብሁ። አንድ ደንበኛዬ ግን ለዘመዱ ካርድ ሊያወጣ መጥቶ ጫማዬን ለየው።

«አንሙት! ምነው፣ እዚህም የሚበላሽ ሞተር አለ እንዴ?»

«አዎ፣ የ... የጀኔሬተር ነገር ነው» አልሁ።

እናቴ ቀና ብላ «ታሞ ነው የመጣ። ሞተሩ ሱቁ ነው ያለ» አለችው። ሰውዬው «እግዜር ይማርህ» ብሎ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። ሌላ ምንም አልሆነም። ሰማዩም አልወደቀ።

ያየን ባለሙያ ከድር ይባላል፤ ከወሎ መጥቶ እዚህ የሚሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። እናቴ ዶክተር ስትለው «ነርስ ነኝ እናቴ» ይላታል፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው ዶክተር ነው የምትለው። ምን እንደሆንሁ ሲጠይቃት በሙሉ ልብ ተናገረች።

«ሰይጣን ነው የያዘው፣ ዶክተር። ስሙንም ተናግሯል።»

«ማን ነኝ አለ?»

«ትራማዶል።»

አይስቅብንም ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። እሱ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አላት። «ከልጅዎ በፊትም ብዙ ሰው ይዞ መጥቶብኛል። ደግ አደረጉ ስሙን መያዝዎ። እስኪ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን።»

በሩ ሲዘጋ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና «በቀን ስንት ካፕሱል ደርሰሃል?» አለኝ። ነገርሁት። አልደነገጠም፤ አልገሠጸኝም። እንዲህ አስረዳኝ። ብዙ ትራማዶል በራሱ ያንዘፈዝፋል፤ አእምሮ ውስጥ ያለውን ልክ ያዛባል። የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆምም ያው ሊመጣ ይችላል። «እንዲሁ ብትቀጥል ትወድቃለህ። ዛሬ ብታቆምም ትወድቃለህ። አንድ ቀን የምትወድቀው እሳት ላይ ወይም የሚሽከረከር ሞተር ላይ ነው፤ ያን ቀን አትነሣም። ያለህ መንገድ አንድ ነው፤ ቀስ እያልህ መውረድ።»

ከዚያ እናቴን አስገባትና መድኃኒቱን የሚይዝልኝ፣ ባዘዘው ልክ ብቻ የሚሰጠኝ ሰው እንደሚያስፈልግ ነገራት። እሷ ተቆጣች።

«መርዝ ነው እያልኸኝ በገዛ እጄ ላጉርሰው?»

«ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው በመሰላል ይወርዳል እንጂ አይዘልም፣ እናቴ። ይህ መሰላሉ ነው።»

ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ከዚያ የመቀነቷን ጫፍ ፈታ «በል ስጠኝ» አለች። የአገራችን ሴት መቀነት ባንክ ነው፤ ሳንቲሙም፣ ክታቡም፣ የቡና ፍሬውም እዚያ ይቋጠራል። ያልተፈቀደለት እጅ አይነካውም። ካፕሱሎቹን በወረቀት ጠቅልላ ቋጠረቻቸው። አገር ቤት ያለውን ለወንድሜ ትታ ደብረ ማርቆስ ተከራይቼ ወደምኖርባት ክፍል መጣች።

መውረዱ ቀላል አልነበረም። ከድር ልኩን በቀነሰ ቁጥር ለቀናት ያ ማዛጋትና ያ ጉንዳን ይመለሳል፤ ከዚያ ይረጋል። ሰውነቴ ሲረጋ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንወርዳለን። እናቴ «አሁን መሰላሉ የት ላይ ነን?» ትለኛለች። «ወገቡ ላይ» እላታለሁ። ሱቁ ተዘግቷል። ጌታሁን አንድ ቀን ከገበያ መልስ ብቅ ብሎ ዱላውን ሳያስቀምጥ በር ላይ ቆመ።

«እማን ከቤቷ አውጥተህ ከተማ አስቀመጥሃት። ላሚቱን የሚያልብ የለም። አንተ ክኒን እየተሰጠህ እንደ ሕፃን ተቀምጠሃል።»

«አርፈህ ግባ፤ ውሃ ጠጣ» አለችው።

«አልገባም። እኔም ወገቤን ያመኛል፣ እማ! ሁልጊዜ ያመኛል። ማን ጠየቀኝ?»

ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዞረ። ሲሄድ ግን የያዘውን ቅቤ በር ላይ አስቀምጦልን ነው የሄደው።

ከሁሉ የማፍርበትን ቀን አልዘልለውም። ዐቢይ ጾም ነበር። እናቴ ከቅዳሴ መልስ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ልኩ ከተቀነሰ ገና ማግስቱ ነበር፤ አጥንቴ ውስጥ የሚያሳክክ ነገር አለ። ቋጠሮው ከጎኗ ይታየኛል። ተንበረከክሁ። ብሎን ስፈታ እንደማደርገው ትንፋሼን ይዤ በሁለት ጣቴ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ቋጠሮ ላላ። እጇ መጥቶ እጄ ላይ አረፈ። ዓይኗን አልገለጠችም።

«አንሙቴ፣ ልጅ ሆነህ እንኳ ከዚህ መቀነት ስትፈልግ ጠይቀኸኝ ነበር የምትወስድ።»

«እሞታለሁ፣ እማ።»

«አትሞትም። እኔ ነኝ የምሞት፣ እጅህ ይህን የሚያደርግ ከሆነ።»

እጄን አልለቀቀችውም። ማታ የምትሰጠኝ ሰዓት እስኪደርስ እንደዚያው ተቀምጠን ዋልን። ጎረቤት ሲያልፍ «ምነው፣ እንደ ሙሽራ እጅ ለእጅ?» ብሎ ቀለደብን። እናቴም «ሙሽራዬ ነው፤ እንዳያመልጠኝ ነው» አለችው።

ትንሣኤ መጣ። ከድር አንዲት ካፕሱል በቀን፣ ማታ ማታ ብቻ አደረገልኝ። ከዚያ በታች ያለው ባዶ መሬት ነው። ያቺን አንዲት ካፕሱል የወደድኋትን ያህል ምንም ነገር ወድጄ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ እሷን አስባለሁ፤ ስውጣት ደረቴ ይሞቃል፤ እተኛለሁ። ሱቄን ለግማሽ ቀን መክፈት ጀመርሁ። እጄ ጸና። ከድር «ቀጥለን እንተዋት» ሲለኝ ግን ያልበኛል፤ «ትንሽ ቆይ፣ እሷን ብቻ ተውልኝ» እለው ነበር። በእኔና በመውደቅ መካከል ያለችው እሷ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

ጰራቅሊጦስ ካለፈ በኋላ አንድ ማታ እናቴ ካፕሱሏን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ ነገር ሳላይ አላልፍም፤ ተፈጥሮዬ ነው። የፋብሪካ ካፕሱል ሁለቱ ግማሾች የሚጋጠሙበት መስመር እንደ ክር ቀጭን ነው። የዚህችኛዋ መስመር ሰፍቷል። ቢጫው በኩል ላይ የጣት ላብ ያደበዘዘው ቦታ አለ። አምፖሉ ሥር ሄጄ ቀስ ብዬ ጠምዝዤ ከፈትኋት። ነጭ ዱቄት አልነበረም። አፈር ነበር። ቀይ ቡናማ፣ የላመ አፈር። ሽታውን አወቅሁት። እምነት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ፣ የታመመ ሰው ግንባሩን የሚቀባው የተባረከ አፈር።

«ምንድን ነው ይህ?» አልሁ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «መድኃኒት ነው።»

«መቼ ጀመርሽ?»

«ከትንሣኤ በኋላ ትንሽ ቆይቼ። መጀመሪያ ከዱቄቱ ጥቂት ጥቂት አወጣሁ። ኋላ ሁሉንም።»

ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ጣቶች ናቸው፤ ካፕሱል መክፈት አይከብዳቸውም። እኔ ቅዳሴ ሄዳለች ስል እሷ ተቀምጣ ይህን ትሠራ ነበር።

ልጽፈው የፈለግሁት ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ያን ቀን ጠዋት ደህና ነበርሁ። ሞተር ገጥሜ ነበር። ምሳ በልቼ ነበር። አፈሩን ካየሁ በኋላ ግን ማዛጋት ጀመርሁ፤ ቆዳዬ ተነሣ፤ አፌ ውስጥ ያ የብረት ጣዕም የመጣ መሰለኝ። «ገደልሽኝ!» ብዬ ጮኽሁባት። እናቴን እንዲህ ብያት አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ግድግዳውን ተደግፌ መውደቄን ጠበቅሁ። እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጠበቀች።

አልወደቅሁም።

ሲነጋ ከድር ዘንድ ሄድን። የከፈትኋትን ካፕሱል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። አየና ፊቱ ጠቆረ።

«እናቴ፣ ይህን በመጀመሪያው ወር አድርገውት ቢሆን ልጅዎን ይቀብሩት ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ አይደል መጨረሻው ደረጃ እስክንደርስ የጠበቅሁ? አንተው ነህ መሰላል ያልኸኝ።»

«መጨረሻው ደረጃም ቢሆን ለባለሙያ ይነገራል።»

«ብነግርህ እምቢ ትለኝ ነበራ።»

«እል ነበር!»

«እንግዲያውስ» አለችና ነጠላዋን ሰበሰበች። ከድር ግንባሩን ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ካፕሱሎቹ ባዶ ከሆኑ ወዲህ ወድቀሃል?»

«የለም።»

«ትተኛ ነበር?»

«እተኛ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ማታ ያንቀጠቀጠህ ምንድን ነው?»

የተከፈተችውን ካፕሱል አየሁ። «ማወቄ ነው» አልሁ።

«ሰውነትህ ከወረደ ቆይቷል» አለኝ። «አሁን ጣሪያው ላይ ያለው ሐሳብህ ነው። እሱን የሚያወርድ ካፕሱል የለኝም። እየመጣህ ታወራኛለህ። አታወራም፣ አውቃለሁ፤ ግን ትመጣለህ።»

የሚያነበኝ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ እናቴ ያደረገችውን ማንም እንዳያደርግ። የዳንሁት የመሰላሉ ግርጌ ደርሰን ስለነበር ነው፤ ከላይ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው ባልኖረ። እናቴም ይህን ጻፍ ብላኛለች። ግን ደግሞ ይህንም ልብ ይበል፤ ያለ እሷ እሞታለሁ ያልሁላት ካፕሱል ለሳምንታት አፈር ነበረች፤ እኔም በሕይወት ነበርሁ።

ያን ቀን ማታ፣ የተለመደው ሰዓት ሲደርስ፣ ሰውነቴ መጠበቅ ጀመረ። እናቴ ያቺን የተከፈተች ካፕሱል አወጣች። አፈሩን መዳፏ ላይ ገለበጠችው።

«በአፍ አልነበረም መስጠት የነበረብኝ» አለች። «በድዬዋለሁ።» በአውራ ጣቷ ግንባሬን ቀባችኝ። ባዶውን ቅርፊት ወደ ምድጃው ወረወረችው፤ ጭስ እንኳ ሳይኖረው ተኮማትሮ ጠፋ። እንቅልፍ የወሰደኝ ዘግይቶ ነው። ግን ወሰደኝ።

አሁን ሱቄ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ወገቤን አንዳንዴ ያመኛል። ሲያመኝ ጠፍጣፋ ወለል ላይ እተኛለሁ፤ ከድር ያሳየኝን እንቅስቃሴ እሠራለሁ፤ ከባድ ሞተር ሲመጣ ሰው እጠራለሁ። ጌታሁንን ጤና ጣቢያ ይዤው ሄጄ ስለ ወገቡ አስመርምሬዋለሁ፤ ምን እንደታዘዘለት አንብቤለት፣ ምን ማለት እንደሆነም ነግሬዋለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው መንገድ ግን እስከ ዛሬ አልሄድበትም። ዞሬ ነው የማልፈው። መጽናቴን የምፈትንበት ምክንያት አይታየኝም።

አልፎ አልፎ ከድር ይጠራኛል። አግዳሚው ላይ ተከናንቦ የተቀመጠ ወጣት ካለ «ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ፤ መናገር የለብህም» ይለኛል። እቀመጣለሁ። አንዳንዱ ጫማዬን አይቶ፣ እጄን አይቶ፣ «አንተም?» ይለኛል። «አዎ፣ እኔም» እለዋለሁ። ያለ ካፕሱል የተማርሁት ወሬ እስካሁን ይኸው ነው።

እናቴ አገር ቤት ተመልሳለች። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። መቀነቷ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ። አጠገቧ ቁጭ አልሁ። ሳንቲም ይሁን እምነት፣ ወይም ለክፉ ቀን ያስቀረችው ነገር ይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኋትምም። እጄን አየሁት። ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ጸንቶ።